ቀላሉ ቀን ቀላል፣ ከባዱ ቀን ከባድ ይሁን

መስከረም ጠብቶ ክረምቱ ሲወጣ በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በማለዳ የሚሮጠው ሰው ይበዛል። በ2001 የተጀመረው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ኅዳር ላይ ይጠብቃልና፣ በዓመት አንዴ እንኳ ቢሆን የስፖርት ጫማ የሚያጠልቀው ብዙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አብዛኛው ጀማሪ ልምምድ የሚሠራው ግን በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ከቤቱ ይወጣል፣ የቻለውን ያህል ይሮጣል፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ያቆማል፣ በማግስቱም ያንኑ ይደግማል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጡ ግልጽ ነው። በሁለተኛው ወር ሰዓቱ አልሻሻል ይላል፤ ጉልበቱን ወይም ቅልጥሙን ያመው ይጀምራል፤ ጠዋት ከአልጋ መነሳትም ይከብደዋል። መጨረሻ ላይ «እኔ ለስፖርት አልተፈጠርኩም» ብሎ ይተወዋል።

ይህ ሰው በስንፍና አይታማም። የጎደለው የልፋቱ አመዳደብ ነው። ሁልጊዜ የሚሮጠው በአንድ ፍጥነት ነው፤ ፍጥነቱም ለቀላል ልምምድ የበዛ፣ ለከባድ ልምምድ ያነሰ ነው። በሩጫ፣ በጀልባ ቀዘፋም ሆነ በብስክሌት ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ ስፖርተኞች ከዚህ በተለየ መንገድ ይሠራሉ። ያ መንገድ ለሻምፒዮኖች ብቻ የተሰጠ ምስጢር አይደለም፤ ቢሮ ውሎ ማታ ለሚሮጥ ሰውም ይሠራል። መሠረቱን እንመልከት፤ ከዚያም ወደ 12 ሳምንት ዕቅድ እንለፍ።

ሰውነት የሚጠነክረው መቼ ነው?

በልምምድ ሰዓት ማንም አይጠነክርም። አንድ ሰዓት ሮጦ የተመለሰ ሰው ከመውጣቱ በፊት ከነበረው የደከመ ነው። በጡንቻው ውስጥ በግላይኮጅን መልክ የተከማቸው ስኳር ቀንሷል፤ ጥቃቅን የጡንቻ ክሮች ተጎድተዋል፤ ውሃና ጨው በላብ ወጥቷል። ጥንካሬው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ባሉት ሰዓታትና ቀናት ነው። ሰውነት የተጎዳውን ይጠግናል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ ለሚቀጥለውም ጫና ትንሽ ትርፍ ያስቀምጣል። ይህን የሚያደርገው በምግብ፣ በእንቅልፍና በዕረፍት ነው።

ትርፉ የሚቀመጥባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ልብ ነው፤ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል፤ የሠለጠነ ሰው ሲያርፍ የልብ ምቱ ዝግ የሚለውም ለዚህ ነው። ሁለተኛው ደም ነው፤ መጠኑ ይበዛል። ሦስተኛው ጡንቻ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይበራከታሉ፤ በውስጡም ኦክስጅንን ተጠቅሞ ከምግብ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ የተባለው የሴል ክፍል ያድጋል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሆሎዚ በ1967 ባሳተመው ጥናት ለሳምንታት በመሮጫ ማሽን ላይ የሠለጠኑ አይጦች ጡንቻ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ወደ እጥፍ እንደተጠጋ አሳየ። ከዚያ በፊት የልምምድ ጥቅም በዋናነት በልብና በሳንባ ይለካ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጡንቻው ራሱ እንደሚለወጥ ታወቀ።

ትርፉ ግን ካልተጠበቀ ይመለሳል። በ1966 በዳላስ፣ ቴክሳስ፣ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለጥናት ሲባል ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአልጋ ሳይወርዱ ቆዩ። ሰውነታቸው በከፍተኛ ሥራ ላይ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ወረደ። እነዚያው ሰዎች ከ30 ዓመት በኋላ እንደገና ሲለኩ፣ ሦስት አሥርት ዓመታት የቀነሱባቸው አቅም ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ መቆየት ከቀነሰባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚያም ለስድስት ወር ቀስ በቀስ እየጨመሩ ሲለማመዱ፣ ከአልጋው ጥናት በፊት በ20 ዓመታቸው የነበራቸውን አቅም መልሰው አገኙ። «ዕድሜዬ አልፏል» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

የተገላቢጦሹንም በቶኪዮ አይተነዋል። አበበ ቢቂላ በ1964 ኦሊምፒክ ማራቶኑን ከመሮጡ ከጥቂት ሳምንታት በፊት የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። ግን ተነስቶ ቀስ ብሎ ልምምዱን ቀጠለ፤ በ2:12:11.2 የዓለም ምርጥ ሰዓት አሸንፎም ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። ለዓመታት የተገነባ መሠረት በጥቂት ሳምንት ዕረፍት አይፈርስም። ስለዚህ ሲያምዎት ወይም ሲደክምዎት ጥቂት ቀን ማረፍ አያስፈራዎ። የሚያስፈራው ለወራት መጥፋት ነው።

ጥቂት በጥቂት መጨመር

ሰውነት የሚለወጠው ከለመደው ትንሽ የበለጠ ሲጠየቅ ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጫና ከተሰጠው ያንን ይለምድና እዚያው ይቆማል። ይህን በሥርዓት ካሳዩት አንዱ አሜሪካዊው የጦር ሠራዊት ሐኪም ቶማስ ዴሎርም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጉልበታቸው የተጎዳ ወታደሮችን ሲያክም፣ በዘመኑ የተለመደውን ቀላል እንቅስቃሴ ትቶ ክብደት እንዲያነሱ አደረገ። ክብደቱንም በየጊዜው ይጨምር ነበር። የወታደሮቹ ጡንቻ ከሚጠበቀው ፈጥኖ አገገመ፤ በ1945 የታተመው ሥራውም ዛሬ በየጂሙ ለሚሠራው «በሴት እየቆጠሩ ማንሳት» መሠረት ሆነ።

ችግሩ የሰውነት ክፍሎች እኩል አለመፍጠናቸው ነው። ልብና ደም በሳምንታት ይሻሻላሉ። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ጀማሪ በሁለተኛው ወር የሚጎዳው ለዚህ ነው፤ ትንፋሹ «እችላለሁ» ሲለው እግሩ ገና አልደረሰም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ቸኩሎ የተጎዳ ሯጭም ያተረፈውን ሁለት ሳምንት በሁለት ወር ዕረፍት ይከፍላል።

ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጨመረው የቀኑ ብዛት ነው፤ ቀጥሎ የደቂቃው ርዝመት፤ ፍጥነት መጨረሻ ይመጣል። ከሳምንት ሳምንት ከአንድ አሥረኛ በላይ አለመጨመር የብዙ አሰልጣኞች ልማድ ነው። ጥብቅ የሳይንስ ሕግ ባይሆንም ቸኩለው ለሚነሱ ሰዎች ጥሩ ልጓም ነው። በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ መጠኑን ቀነስ አድርጎ ሰውነት ያጠራቀመውን ድካም እንዲያራግፍ መተው ይጠቅማል።

አከፋፈሉም ያንኑ ያህል ያስፈልጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ሳምንቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት የሚሮጥ ሰው ሸክሙን ሁሉ በአንድ ቀን ተሸከመ ማለት ነው። ያንኑ ሦስት ሰዓት በአራት ቀን ቢከፋፍለው እግሩም ልቡም ያመሰግኑታል።

ቀላል ሲባል ምን ያህል ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀላል ሩጫ ማለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ እየተናገሩ መሮጥ የሚችሉበት ፍጥነት ነው። ከጓደኛዎ ጋር ስለ ቤት ኪራይ እያወሩ መሮጥ ካልቻሉ ፈጥነዋል። ብቻዎን ከሆኑ የስዊድኑ የሥነ ልቦና ምሁር ጉናር ቦርግ ያዘጋጀውን መለኪያ ይጠቀሙ። መለኪያው ከ6 እስከ 20 ይደርሳል፤ 6 ፍጹም ዕረፍት፣ 20 ደግሞ ሊጨመርበት የማይችል ልፋት ነው። የሚሰማዎትን ቁጥር በአሥር ሲያበዙት በጤነኛ ወጣት ዘንድ ወደ ልብ ምቱ ይጠጋል። ቀላል ሩጫ በዚህ መለኪያ ከ10 እስከ 12 አካባቢ ይውላል። ጀማሪ ይህን ልክ ለመጠበቅ በየመሐሉ መራመድ ካስፈለገው ይራመድ። ነውር የለበትም።

በእንጦጦ ጫካ ውስጥ የአገራችንን አትሌቶች ያየ ሰው ይህን በዓይኑ አይቷል። በቀላሉ ቀን በዛፎቹ መካከል እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ ተሰልፈው ዱብ ዱብ ይላሉ። ማራቶንን ከሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በታች የሚጨርስ ሰው ያን ዕለት የሚሮጥበት ፍጥነት ለጎበዝ አማተር እንኳ የማያስቸግርበት ጊዜ አለ። በማግስቱ ግን ያው ሰው በአስፋልት ላይ ማንም የማይደርስበት ነው።

እስጢፈን ሳይለር የተባለ በኖርዌይ የሚኖር አሜሪካዊ ተመራማሪ የቀዛፊዎችን፣ የበረዶ ላይ ሸርታቴ ተወዳዳሪዎችንና የሯጮችን የልምምድ መዝገብ ሲያገላብጥ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ከአሥር ልምምድ ስምንት ያህሉ ቀላል፣ ሁለት ያህሉ ከባድ ነበር። መካከለኛው ልፋት፣ ማለትም አማተሩ ዘወትር የሚሮጥበት፣ ትንሽ ቦታ ነበረው።

ከዚያ ቀደም ብሎ ኒውዚላንዳዊው አሰልጣኝ አርተር ሊዲያርድ ይህን መንገድ በሜዳ ፈትኖታል። በጫማ ፋብሪካ እየሠራ፣ በራሱ ሰውነት ላይ ለዓመታት እየሞከረ፣ ፍጥነት ከመጨመሩ በፊት ረጅም ሩጫ መሠረት መሆን አለበት ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። የ800 ሜትር ሯጩን ፒተር ስኔልን እንኳ በሳምንት እስከ 160 ኪሎ ሜትር ያስሮጠው ነበር። በ1960 የሮም ኦሊምፒክ ስኔል በ800 ሜትር፣ ሌላው ሯጩ ሙሬይ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር፣ በአንድ ቀን ወርቅ አመጡ። ከስምንት ቀን በኋላ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶኑን ያሸነፈው በዚያው ኦሊምፒክ ነው።

ቀላል ሩጫ የሚጠቅመው ለምንድን ነው? ልብ በእያንዳንዱ ምት በደንብ እንዲሞላ ያደርጋል፣ የደም ሥሮችን ያበራክታል፣ ጡንቻ ስብን ማቃጠል እንዲለምድ ያሠለጥናል። ከሁሉም በላይ ብዙ ሊሠራ የሚችለው እሱ ነው፤ ድካሙ በአንድ ሌሊት ይወጣል፣ ለከባዱም ቀን ጉልበት ይተርፋል።

ከባዱ ቀን

ከባዱ ቀን በእርግጥ ከባድ ይሁን። ጥቅሙን በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በ2007 በኖርዌይ ትሮንድሄም የተሠራው ነው። ቀድሞም ስፖርት የሚሠሩ ወንዶች በአራት ተከፍለው፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለስምንት ሳምንት ተለማመዱ፤ የሁሉም ጠቅላላ ሥራ እኩል ነበር። አራት ደቂቃ በከፍተኛ ልፋት እየሮጡ ሦስት ደቂቃ ቀለል አድርገው ይህን አራት ጊዜ የደጋገሙት ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው በ7 በመቶ ገደማ ጨመረ። በተከታታይ በቀላልና በመካከለኛ ፍጥነት የሮጡት ግን በዚህ መለኪያ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳዩም።

ሁለቱን ግኝቶች አብሮ ማየት ያሻል። ስምንት ሳምንት አጭር ነው፤ የቀላል ሩጫ ፍሬ በወራትና በዓመታት ይታያል። በየቀኑ ከባድ የሚሠራ ሰው ደግሞ በሦስተኛው ወር ራሱን ሆስፒታል ወይም አልጋ ላይ ያገኛል። ለአብዛኛው ሰው በሳምንት አንድ፣ ሲበዛ ሁለት ከባድ ቀን ይበቃል። በሁለቱ መካከልም ቢያንስ 48 ሰዓት ይኑር።

ከባድ ልምምድ ብዙ መልክ አለው። በ1952 በሄልሲንኪ 5,000፣ 10,000 እና ማራቶንን በአንድ ኦሊምፒክ ያሸነፈው ቼኮዝሎቫኪያዊው ኤሚል ዛቶፔክ 400 ሜትርን ደጋግሞ እየሮጠ በመካከል ዱብ ዱብ በማለት ይታወቃል። ስዊድናዊው ጎስታ ሆልመር በ1930ዎቹ ያስፋፋው ፋርትሌክ ደግሞ ሰዓትና ሜዳ አይፈልግም፤ እየሮጡ እስከሚቀጥለው ምሰሶ ይፈጥናሉ፣ ከዚያ ይቀዘቅዛሉ፣ እንደገና ይፈጥናሉ። በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ዳገት በነፃ የተሰጠ ሀብት ነው። ከ30 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ዳገት ሮጦ እየተራመዱ መውረድ ትንፋሽንም የእግር ጉልበትንም ያጠነክራል፤ እርምጃው አጭር ስለሚሆንም እግር ላይ የሚያርፈው ምት ይቀንሳል።

ከባድ ልምምድ ያለ ማሟሟቂያ አይጀመርም። አሥር ደቂቃ ሶምሶማ፣ ከዚያ እግርና ወገብን እያንቀሳቀሱ ማፍታታት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት አጫጭር ፈጣን ሩጫ በቂ ነው። ቆሞ ጡንቻን ለረጅም ጊዜ መሳብ ከሩጫው በኋላ ቢሆን ይሻላል።

የሚሠሩት ለምን ነው?

ሰውነት የሚሻሻለው በሚሠራው ነገር ነው። ብስክሌት ልብን ያጠነክራል፤ ነገር ግን አጥንትን ለሩጫ ምት አያዘጋጅም። ከባድ ክብደት የሚያነሳ ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሊከብደው ይችላል። እግር ኳስ ተጫዋች ደጋግሞ መፈትለክና መዞር ስለሚያስፈልገው የማራቶን ሯጭ ዕቅድ አይበጀውም። ስለዚህ ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት ግብዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ የልምምድዎ አብዛኛው ክፍል ያንን ይምሰል።

አንድ ሰው ከአንድ ርቀት ወደ ሌላ ሊሻገር ግን ይችላል፤ የሚጠይቀው ጊዜና ትዕግሥት ነው። ትዕግስት አሰፋ በ2016 የሪዮ ኦሊምፒክ የተወዳደረችው በ800 ሜትር ነበር። በ2022 መጀመሪያ ሪያድ ላይ ማራቶንን በ2:34 ሮጠች፤ በዚያው ዓመት በርሊንን በ2:15:37 አሸነፈች፤ በመስከረም 2023 ደግሞ እዚያው በርሊን 2:11:53 በመግባት የጊዜውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። ከ800 ሜትር ያመጣችው ፍጥነት ጠቅሟታል፤ ውጤቱ የመጣው ግን ፍጥነቱን የሚሸከም ረጅም መሠረት ሲጨመርበት ነው።

ግብዎ ውድድር ሳይሆን ጤና ከሆነ መለኪያው የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ያወጣው ምክር ነው። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይመከራል። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ይቆጠራል።

የጡንቻ ማጠንከሪያውን ሯጮች ይዘሉታል፤ መዝለል ግን የለባቸውም። ጂም መግባት ግዴታ አይደለም። ስኳት፣ ፑሽ አፕ፣ ፕላንክ፣ በአንድ እግር ቆሞ ተረከዝን ማንሳት፣ ደረጃ ላይ መውጣትና መውረድ ቤት ውስጥ በ25 ደቂቃ ይሠራሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡንቻዎ ሳይወፍር ጉልበትዎ መጨመሩ አይግረምዎ፤ መጀመሪያ የሚማረው ነርቭ ነው፣ ጡንቻ ኋላ ይከተላል። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻና አጥንት ስለሚሳሱ፣ ይህ ክፍል ለእናቶችና ለአባቶች ከሩጫውም ሊበልጥ ይችላል።

ከፍታ፣ ሙቀትና መንገድ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነት ለዚህ የሚሰጠው መልስ ቀይ የደም ሴሎችን ማብዛት ነው፤ ከፍታ ላይ የኖረ ሰው ዝቅ ሲል የሚፈጥነውም በከፊል ለዚህ ነው። ሆኖም ከፍታ ላይ የሩጫው ፍጥነት ራሱ ስለሚወርድ እግር ፍጥነትን ሊረሳ ይችላል። በ1997 የታተመ የአሜሪካ ጥናት በ2,500 ሜትር እየኖሩ በ1,250 ሜትር የተለማመዱ ሯጮች በ5,000 ሜትር ሰዓታቸውን ሲያሻሽሉ፣ እላይ ኖረው እላይ የተለማመዱት ይህን ያህል እንዳልተጠቀሙ አሳይቷል።

ከፍታ ብቻውን ግን ሯጭ አይወልድም። በዓለም ላይ ከእኛ የበለጠ ከፍታ ያላቸው አገሮች አሉ። ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትገኝም፣ ሌላም ነገር ነበራት። የአንደኛ ደረጃ ት/ቤት የስፖርት መምህሩ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን እየሰበሰቡ በሥርዓት ያሠለጥኑ ነበር። አብሮ የሚሮጥ ጓደኛ፣ የሚከታተል አሰልጣኝና የማይቋረጥ ልምምድ ባይኖር ከፍታው ቀዝቃዛ አየር ሆኖ ይቀር ነበር።

ለታላቁ ሩጫ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ ለሚመጡ ወገኖች ይህ ቀጥተኛ ትርጉም አለው። አዲስ አበባ ላይ የለመዱትን ሰዓት አይጠብቁ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በእጅጉ ዝግ ይበሉ፤ ውሃ ይጠጡ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ደግሞ ፈተናው ሙቀት ነው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ ገና ሳይነጋ መሮጥ ይመረጣል፤ የሚታየውም ሰዓቱ ሳይሆን ልፋቱ ይሁን።

መንገድም ይመረጣል። አትሌቶቻችን ጫካውን፣ ኮረኮንቹንና አስፋልቱን በየተራ ይጠቀማሉ። ለስላሳ መሬት እግርን ያሳርፋል፣ ኮረኮንች ቁርጭምጭሚትን ያጠነክራል፣ አስፋልት ለውድድር ፍጥነት ያለማምዳል።

እንቅልፍና ምግብ

በቂ እንቅልፍ ከማንኛውም ማሟያ መድኃኒት ይበልጣል። አዋቂ ሰው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ይፈልጋል፤ ልምምድ ሲበዛ ከዚያም በላይ። በአምስት ሰዓት እንቅልፍ ከባድ ልምምድ የሚሠራ ሰው የሰጠውን ትእዛዝ የሚፈጽምለት ሠራተኛ አሰናብቷል።

ምግብ ላይ ሁለት ነገር ይያዙ። የሩጫ ነዳጅ ካርቦሃይድሬት ነው፤ እንጀራ፣ ዳቦ፣ ገብስ፣ ድንች፣ ሩዝ ይሰጣሉ። ጥገናውን የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ስፖርተኛ በቀን ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ከ1.2 እስከ 2 ግራም ይመከርለታል። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በቀላሉ ያሟሉታል። በጾም ወቅት ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ሽንብራ በየማዕዱ ከቀረቡ ይረዳሉ፤ ከባዱን ልምምድም ከሚበሉበት ሰዓት ጋር ማቀራረብ ይጠቅማል። ብረት ሲያንስ ደም ኦክስጅን መሸከም ይሳነዋል፤ ሴቶች በተለይ ይህን ይጠንቀቁ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ የብረትን መመጠጥ ስለሚቀንሱ ከበሉ በኋላ ትንሽ ቆይቶ መጠጣት ይሻላል።

የ12 ሳምንት ዕቅድ ለ10 ኪሎ ሜትር

ዕቅዱ ሠላሳ ደቂቃ መራመድና ሶምሶማ መቀያየር ለሚችል ጤነኛ ሰው ነው። በሳምንት ሦስት የሩጫ ቀንና ሁለት የጡንቻ ቀን አለው። ለምሳሌ ሩጫው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ የጡንቻው ሥራ ሰኞና ዓርብ ሊሆን ይችላል። የጡንቻው ቀን አጭርና ቀለል ያለ ይሁን፤ ረቡዕና እሑድ ዕረፍት ናቸው።

ከ1ኛ እስከ 4ኛ ሳምንት ሁሉም ሩጫ ቀላል ነው። ማክሰኞና ሐሙስ 30 ደቂቃ፣ ቅዳሜ 40 ደቂቃ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ላይ አምስት ደቂቃ ይጨምሩ፤ በ4ኛው ሳምንት ወደ መነሻው ይመለሱ። ፍጥነት የሚባል ነገር አይታሰብ።

ከ5ኛ እስከ 8ኛ ሳምንት ማክሰኞ ከባድ ቀን ይሆናል። ከማሟሟቂያ በኋላ አንድ ደቂቃ ፈጣን፣ ሁለት ደቂቃ ዱብ ዱብ፤ ይህን ስድስት ጊዜ ይድገሙ። በየሁለተኛው ሳምንት በዚህ ፈንታ ስምንት ጊዜ ዳገት ይውጡ። ሐሙስ 35 ደቂቃ ቀላል ነው። ቅዳሜ ከ50 ደቂቃ ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ 65 ይሂድ፤ በ8ኛው ሳምንት ይቀንስ።

ከ9ኛ እስከ 11ኛ ሳምንት ማክሰኞ አራት ጊዜ አራት ደቂቃ፣ በመካከሉ ሦስት ደቂቃ ቀላል ይሠራሉ። ልፋቱ በቦርግ መለኪያ 16 ወይም 17 ይሁን፤ የመጨረሻውን አራት ደቂቃ እንደ መጀመሪያው መሮጥ ካልቻሉ በጣም ፈጥነው ጀምረዋል። ሐሙስ 40 ደቂቃ ቀላል ነው። ቅዳሜ ከ70 እስከ 80 ደቂቃ ቀላል ሩጫ ነው፤ የመጨረሻውን 15 ደቂቃ በውድድር ፍጥነትዎ ይሞክሩት።

12ኛው ሳምንት የመሰብሰቢያ ጊዜ ነው። የደቂቃውን መጠን በግማሽ ይቀንሱ፤ ማክሰኞ ግን ጥቂት አጫጭር ፈጣን ሩጫዎች ይቆዩ፣ እግር ፍጥነቱን እንዳይረሳ። በዚህ ሳምንት የሚጨመር ልምምድ ለውድድሩ አይደርስም፤ ድካሙ ብቻ ይደርሳል። በውድድሩ ቀን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ሰው ሲያልፍዎ ዝም ብለው ያሳልፉት። ከሰባተኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ብዙዎቹን መልሰው ያገኟቸዋል።

መቼ ይቆማል?

ከልምምድ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ የጡንቻ ሕመም የተለመደ ነው። በአንድ ነጥብ ላይ ያለ፣ ሲነኩት የሚያም፣ እየሮጡ የሚብስ የአጥንት ወይም የጅማት ሕመም ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የልብ ምትዎን ይቁጠሩ፤ ለተከታታይ ቀናት ከወትሮው ከፍ ካለ፣ እንቅልፍ ከራቀዎትና በትንሽ ነገር የሚበሳጩ ከሆነ ሰውነትዎ ዕረፍት እየጠየቀ ነው። የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት ካጋጠመዎት ወዲያው አቁመው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ እንዲሁም ለዓመታት ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሐኪም ያማክር።

ውድ ሰዓት፣ ውድ ጫማና ውድ ጂም ከተገኙ መልካም ነው። ባይገኙ ግን ልምምዱ አይቀርም። የሚያስፈልገው በሳምንት ጥቂት ቀን ሳያቋርጡ መውጣት፣ ጥቂት በጥቂት መጨመርና ቀላሉንና ከባዱን ቀን አለማደባለቅ ነው። ነገ ጠዋት ሲወጡ እየተናገሩ ሊሮጡት በሚችሉት ፍጥነት ይሩጡ፤ ሲያልፉዎ አይከተሉ፤ ጉልበትዎን ለማክሰኞ ያቆዩት።